ፋሲካ የሌለው ጾም
(ስለ ምግብ ጥንቃቄና ስለ አካል እንቅስቃሴ ከልክ ማለፍ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ውሃው ዘልቆ በገባ ምድር ላይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው ገዳሙን በትምህርትና በሥርዐት ካቀኑት ጊዜ ጀምሮ በዚህ ስፍራ ሁለት ነገሮች ሳይነጣጠሉ ኖረዋል፤ ጾምና ስግደት። ጾም ከአፍ ይቀንሳል፤ ስግደት ከጉልበት ያወጣል። በመሐንዲስ መዝገብ ቢጻፉ አንደኛው በገቢው፣ ሁለተኛው በወጪው ዓምድ ይገባሉ። ሰው ሁለቱን ባንድነት ሲይዝ በሰውነቱና በሐሳቡ ላይ ምን እንደሚደርስ፣ የት ላይ ሊያቆም እንደሚገባውም፣ በሐይቅ ዳር ለሚኖሩት አባቶች አዲስ ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄው አዲስ የሆነው ለከተማው ሰው ነው። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ፣ ከገዳም ሥርዐት ጋር አንዳች ግንኙነት የሌለው ሌላ ጾምና ሌላ ስግደት ይታያል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚነጋለት፣ እሑድ እንጦጦ ካልወጣ ቀኑን ሁሉ የሚቆጣ ሰው አለ። ይኸው ሰው ቀትር ላይ ከባልደረቦቹ ገበታ ራቅ ብሎ ምሳ ዕቃውን ይከፍታል፤ በውስጡ ያለ ዘይትና ያለ ጨው የተቀቀለ አትክልት አለ። መጀመሪያ የተወው ስኳርን ነበር፤ ይህም መልካም ነው። ቀጥሎ ሥጋን፣ ከዚያ ዘይትን፣ ከዚያ እንጀራን ተወ። በመጨረሻ ፍራፍሬም ስኳር አለበት ብሎ ሙዝን ከቤቱ አስወጣ። ለእያንዳንዱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱንም ለብቻው ለሰማው ሰው ትክክል ይመስላል። ስሕተቱ የሚገኘው ድምሩ ላይ ነው።

ከመቀጠል በፊት አንድ ነገር መለየት ይገባል። አብዛኛው የዚህ ሙያ ሰው ከወንበሩ የማይነሣ ነው እንጂ ከልክ በላይ የሚሮጥ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል፤ ንድፍ ሲያዩ የሚውሉ ብዙ ባልደረቦች ግማሹንም አያደርጉም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. በ10,000 ተሳታፊዎች ከተጀመረ ወዲህ የከተማው ሕዝብ ወደ ጎዳና ወጥቶ መሮጥን መውደዱ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ስለዚህ ይህን ንግግር ሰምቶ «እንግዲያውስ መቀመጥ ይሻላል» የሚል ቢኖር ንግግሩ ለእርሱ አልተዘጋጀም። የተዘጋጀው በቁጥር ጥቂት ለሆኑት፣ በመጠን ግን ለሚጎዱት፣ ይልቁንም ሁሉ ሰው ስለሚያመሰግናቸው ጉዳታቸው ለማይታይላቸው ነው።

ሐኪሞች የነገሩን አንድ ወገን ቀደም ብለው አይተውታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ገል እ.ኤ.አ. በ1873 አኖሬክሲያ ነርቮሳ ብሎ ስለ ሰየመው፣ ሰው በፈቃዱ ከምግብ ስለሚርቅበት ሕመም ሲያስረዳ፣ ያን ያህል የከሳ ሰውነት ያን ያህል መንቀሳቀስ መቻሉ እንዳስገረመው ጽፏል። ሌላውን ወገን ስም የሰጠው አሜሪካዊው ሐኪም ስቲቨን ብራትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ስለ መክሳት ሳይሆን ስለ ምግብ ንጽሕና ሲጨነቅ ኑሮው የሚጠብበትን ሰው ሁኔታ ኦርቶሬክሲያ አለው፤ ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሆኖ «ቀና የምግብ ፍላጎት» እንደ ማለት ነው። ይህ ስም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመሞች መዝገብ ውስጥ እስካሁን ራሱን ችሎ አልገባም፤ የግድ የሆነ ስፖርትም እንደዚሁ። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ተያይዘው መገኘታቸውን በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ስለ ግድነቱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ፍሬደሪክ ቤክላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ስፖርት መተው በእንቅልፍ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለማጥናት ፈለገ። በየቀኑ የሚሠሩ ሰዎችን ጠርቶ ለአንድ ወር እንዲያቆሙ፣ ለዚህም ገንዘብ እንደሚከፈላቸው ነገራቸው። እምቢ አሉት። ዋጋው ቢጨመርም አልተቀበሉም። በመጨረሻ ጥናቱን ያካሄደው በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ብቻ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ነው። ከጥናቱ ውጤት ይልቅ ይህ እምቢታ ብዙ ያስተምራል፤ በፈቃድ የሚደረግ ነገር በፈቃድ ሊቆም ይችላልና።

ታዲያ ሁለቱ ለምን ይያያዛሉ? የመጀመሪያው መልስ ከሐሳብ በኩል ነው። ሰውየው ምግብን እንደ ዕዳ፣ ሩጫን እንደ ክፍያ ማየት ይጀምራል። ሠርግ ቤት ሄዶ ሁለት ጉርሻ የተቀበለ እንደሆነ በማግሥቱ አንድ ሰዓት ይጨምራል፤ ወባ ይዞት ሦስት ቀን ከተኛ ደግሞ «አልሠራሁምና አልበላም» ይላል፤ ሰውነቱ ምግብ በሚፈልግበት ሰዓት መሆኑ ነው። አንዱ የሌላው ቅጣት ይሆናል። ሒሳቡ ግን ምንጊዜም አይዘጋም፤ ዕዳው ሲከፈል መጠኑ ከፍ ይላልና።

ሁለተኛው መልስ ከሥጋ በኩል ሲሆን፣ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህኛውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ራውተንበርግና ኩዝነሶፍ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እየመገቡ የሚሽከረከር መሮጫ መንኮራኩር በቤታቸው አኖሩላቸው። በቀን አንድ ሰዓት እየተመገቡ መንኮራኩር የሌላቸው አይጦች ከጊዜው ጋር ተስማምተው ኖሩ። መንኮራኩር ያላቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ይበልጥ ሮጡ፤ በተፈቀደላቸውም ሰዓት የሚበሉት በቂ አልነበረም፤ በዚሁ እስከ መሞት ደረሱ። አይጥ ስለ ውበት አትጨነቅም፤ ስለ ጤና የተጻፈም አታነብም። ምግብ ያነሰው ሰውነት በራሱ ወደ መንቀሳቀስ የሚገፋ ኃይል እንዳለው ይህ ሙከራ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌፕቲን የተባለው፣ ከሰውነት ስብ የሚመነጭ ሆርሞን ከታወቀ በኋላ ደግሞ፣ ስብ ሲቀንስ ሌፕቲንም እንደሚቀንስ፣ ሆርሞኑ ከውጭ የተሰጣቸውም የተራቡ አይጦች ሩጫቸውን እንደሚቀንሱ ታየ።

ይህ ኃይል ከየት መጣ ቢባል፣ ተመራማሪዎች የሚሰጡት አንዱ ግምት ለወሎ ሰው ማስረጃ አያሻውም፤ እህል የጠፋበት ፍጡር እህል ወዳለበት ለመሄድ እግሩ ይነሣል። በሐይቅ በኩል የሚያልፈው ይኸው አውራ ጎዳና በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም.፣ ቀዬውን ለቆ በእግሩ የወጣውን ሕዝብ አይቷል። በግድ የመጣን ረኀብና በምርጫ የመጣን ረኀብ እኩል ማድረግ ነውር ነው፤ በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት አንድ አይደሉም። ሰውነት ግን የማጣቱን ምክንያት አይጠይቅም። በመደርደሪያው ላይ ሙሉ ዱቄት ያለው የከተማ ሰው ምግቡን ሲያጎድል፣ ውስጡ እህል እንደ ጠፋ ቆጥሮ «ተነሥ፣ ሂድ» ይለዋል። እርሱ ይህን ግፊት ብርታት ይለዋል። «ባልበላ እንኳ ጉልበት አለኝ» ብሎም ይመካል።

የሐሳቡ መታሰርም ከዚሁ ይወለዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት በግማሽ ምግብ አኖረ። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ አብዛኞቹም ደከሙ እንጂ አልሮጡም። ሐሳባቸው ግን ሙሉ በሙሉ በምግብ ተያዘ። ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ሰዎች የምግብ አሠራር መጻሕፍትን ሰበሰቡ፤ አንዲቱን ሳህን ለረጅም ጊዜ እየቆራረሱ በሉ። እንግዲህ ስለ ምግብ ሌት ተቀን ማሰብ የንቃት ምልክት መስሎ ሲታይ፣ አንዳንዴ የረኀብ ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። የተልባውን ውሃ፣ የአብሹን፣ የሽፈራውን ቅጠል ጥቅም ሲያስረዳ የሚውለው ባልደረባ መጀመሪያ ምሳውን በልቶ እንደ ሆነ ቢጠየቅ አይከፋም።

ለመሐንዲስ ይህ ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተሩ ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ያስገባው፣ ሞተሩ ሲፈጥን እንፋሎቱ እንዲቀንስ ነው። መቆጣጠሪያው ተገልብጦ ቢገጠም፣ ማለትም ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር እንፋሎቱ እንዲጨምር ቢደረግ፣ የሚሆነውን ማንም የሙያው ሰው ያውቃል። ምግብ ሲያንስ እንቅስቃሴ የሚበዛበት፣ እንቅስቃሴ ሲበዛም የምግብ ፍላጎት የሚዘጋበት ሰው መቆጣጠሪያው የተገለበጠበት ሞተር ነው።

ጉዳቱም በቁጥር ሊነገር ይችላል። ስቡ ተቀንሶ ሰውነቱ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ይወሰድ። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ይበላል፤ 800ውን በሩጫ ያወጣል። ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለሙቀት፣ ለአጥንት ጥገና የሚቀረው 1,200 ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 24 ማለት ነው። የስፖርት ሐኪሞች 45 ገደማውን በቂ፣ ከ30 በታች ያለውን አደገኛ ይሉታል። ቁጥሮቹ የተገኙት በሴቶች ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ሲሆን የወንዶቹ ወሰን ዝቅ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን አቅጣጫው አንድ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ጉድለት በወንድም በሴትም አትሌት ላይ የሚደርስ ሕመም መሆኑን አውጇል። የሴቷ የወር አበባ ይቋረጣል፤ የወንዱ የወንድነት ሆርሞን ይወርዳል፤ ልብ ትዘገያለች፤ አጥንት ይሳሳል። ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ይህን ላያይ ይችላል፤ ሰውነት ወጪውን ቆጥቦ ክብደቱን ለጊዜው ሊያቆይ ይችላልና። ገንዘብ ያጠረው ድርጅት ደመወዝ እየከፈለ የድልድዩን ጥገና እንደሚተው ያለ ነው።

ስለ አጥንት ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1842 በቬርሳይ አጠገብ የባቡር አክሰል ተሰብሮ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ መሐንዲሶች ብረት በአንድ ትልቅ ጭነት ብቻ ሳይሆን በተደጋገመ ትንሽ ጭነትም እንደሚሰበር መመርመር ያዙ፤ ጀርመናዊው አውግስት ቮለር የብረትን ድካም በሙከራ ለክቶ አሳየ። አጥንትም እንደዚሁ ይደክማል። ከብረት የሚለየው ራሱን መጠገኑ ነው፤ ለጥገናው ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ዕረፍትና ምግብ። የግድ ሯጩ ሁለቱንም ነሥቶታል። ከዚህም የተነሣ ወድቆ ሳይወድቅ፣ ማንም ሳይመታው፣ ቅልጥሙ ወይም የእግሩ መዳፍ አጥንት ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቹ በተሰነጠቀው እግር መሮጣቸው ነው።

አሁን ወደ ሐይቅ መመለስ ይገባል። የገዳሙ ሰው ከከተማው ሯጭ ይልቅ ብዙ ይጾማል፤ ብዙም ይሰግዳል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? «ለነፍስ ነው» የሚለው መልስ ለአማኙ ይበቃል፤ ሥርዐቱን እንደ አንድ አሠራር የተመለከተ መሐንዲስ ግን ሌላም ነገር ያያል። ሥርዐቱ ማቆሚያ አለው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ 56ኛ የለውም። በቅዳሜና በእሑድ ከሥጋና ከወተት ይከለከላል እንጂ እስከ ሰዓት ሳይቀምሱ መቆየት የለም፤ ቀዳም ሥዑር ብቻ ይለያል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ጾምና ስግደት ባንድነት መታሰራቸው፣ ባንድነትም መፈታታቸው ነው። ከፋሲካ እስከ በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ በዚያው ወራት ስግደትም የለም። በእሑድም መንበርከክ እንዳይኖር የኒቅያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ325 ወስኗል። ምግብን ሲመልሱ ድካሙንም ማንሣት እንደሚገባ፣ ሁለቱ አንድ ገመድ መሆናቸውን፣ እነዚያ አባቶች ስለ ሌፕቲን ሳይሰሙ ያወቁት ይመስላል።

ሁለተኛው ነገር ልኩ ከሌላ ሰው አፍ መውጣቱ ነው። የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ ይህን ያህል ቀን ጹም፣ ይህን ያህል ስገድ ይላል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ያልቃል። በስቅለት ዕለት ምሽት ካህኑ ምእመናኑን በወይራ ቅጠል እየጠበጠበ ለእያንዳንዱ የስግደቱን ቁጥር ይነግረዋል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በተናገረበት አንቀጽ የታመመውን ከጾም ነጻ ያወጣዋል። በዚያው በሐይቅና በአምባሰል ከክርስቲያኑ ጋር ጎን ለጎን የሚኖረው ሙስሊም ሥርዐትም ወሰን አለው። የታመመና መንገደኛ ቀኑን ወደ ሌላ ጊዜ ያስተላልፋል፤ ሳያፈጥሩ ቀንና ሌሊት አያይዞ መጾም ተከልክሏል፤ በሁለቱ ዒዶች መጾም ፈጽሞ አይፈቀድም። በኹለቱም ወገን መብላት የሚታዘዝበት ቀን አለ።

እውነት ነው፤ በገድል የሚነገረው ከዚህ ልክ ያልፋል። በሐይቅ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር የነበሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ቆመው ሳሉ እግራቸው መሰበሩን ገድላቸው ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያንም ጥር 24 ቀን ታስበዋለች። ነገር ግን ይህ ለአንድ ጻድቅ የተሰጠ ክብር ሆኖ ይታሰባል እንጂ ለምእመናን የታዘዘ ሥርዐት አይደለም። ማንም የንስሐ አባት ለልጁ «እግርህ እስኪሰበር ቁም» ብሎ ቀኖና አይሰጥም።

የከተማው ሯጭ ጾሙንና ስግደቱን ይዞ ማቆሚያውን ትቶታል። የንስሐ አባቱ እርሱ ራሱ ነው፤ ካህኑም ምእመኑም አንድ ሰው በሆነበት ቀኖናው አያልቅም። ታላላቆቹ አትሌቶች እንኳ እንዲህ አይኖሩም፤ የሚያርፉበትንና ቀስ ብለው የሚሮጡበትን ቀን አሠልጣኝ ይወስንላቸዋል። የእርሱ አሠልጣኝ በእጁ ላይ ያሰረው ሰዓት ነው። ሰዓቱ በቀን 10,000 ርምጃ ይጠይቀዋል፤ ይህም ቁጥር ከሕክምና መጽሐፍ የተገኘ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለሽያጭ የወጣ የርምጃ መቁጠሪያ «የዐሥር ሺሕ ርምጃ መለኪያ» ተብሎ ከተሰየመበት የገበያ ስም የመጣ ነው። ቁጥር የተጻፈበትን ሁሉ እውነት ማለት የዚህ ሙያ ሰዎች የሚወድቁበት ፈተና ነው፤ በመለኪያ የኖረ ሰው የሚለካውን ነገር ትቶ መለኪያውን ማገልገል ይቀለዋል።

ለምሳሌ ያህል በገጠር መንገድ ሥራ ላይ የተመደበ ወጣት መሐንዲስ ይታሰብ። ሥራው ከባድ፣ ውሳኔው የብዙ ሰው፣ ክፍያው የዘገየ፣ ዝናቡ ያለ ጊዜው የመጣ ነው። በእጁ ያለ አንድ ነገር ቢኖር የራሱ ሰውነት ነው፤ ስለዚህ እርሱን ያስተዳድራል። በሌሊት 15 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ሠራተኞቹ ሽሮና በሶ ሲያቀርቡለት «አመሰግናለሁ» ብሎ ይመልሳል። መጀመሪያ ኩራት ይመስላቸዋል፤ ኋላ ይተዉታል። በለቅሶ ቤት አይቀምስም፤ በማኅበር አይገኝም፤ ዝክር ሲጠራ ሰበብ ያበዛል። ወሎ እንግዳውን በገበታ የሚያውቅ አገር ነው፤ ገበታ የማይቀርብ ሰው በዚያ ምድር ብቻውን ይቀራል። አጥንቱ ከመሰንጠቁ አስቀድሞ የሚሰነጠቀው ይህ ግንኙነት ነው።

የሚረዳው ሕክምና አለ። ሐሳቡንና ልማዱን ቀስ በቀስ የሚያርም የምክር ሕክምና በአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይሰጣል፤ የአጥንቱንና የሆርሞኑን ጉዳይ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይመረምራል። እጅግ የከሳ ሰው በድንገት ብዙ እንዲበላ ማስገደድ የደሙን ማዕድናት አዛብቶ እስከ ሞት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ምግቡ በሐኪም ልክ ሊመለስ ይገባል። የዕረፍቱን ቀን ግን እርሱ ራሱ ባይመርጠው ይሻላል፤ ሌላ ሰው ቀንና ቁጥር ቆርጦ ይስጠው።

ከሐኪሙ በፊት የሚያየው ባልደረባው ነው። የቀድሞ ሰው የከሳ ወዳጁን ሲያይ «ምነው ከሳህ?» ይል ነበር፤ ዛሬ «እንዴት አማረብህ!» ይባላል፤ ታማሚውም በዚህ ምስጋና አንድ ወር ይቀጥላል። የቀድሞው ጥያቄ ቢመለስ መልካም ነው። ቤክላንድ ገንዘብ ይዞ የጠየቀውንም ባልደረባ ገበታ ይዞ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ነገ አትሩጥ፤ ና ምሳ አብረን እንብላ» ብሎ። አንድ ቀን እምቢ ቢል ሥራ በዝቶበት ይሆናል። በሃምሳውም ቀን፣ በዒዱም፣ በልጁ ክርስትናም እምቢ የሚል ከሆነ ግን ቀጠሮ ይዞ አብሮት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።